ለቤተሰብም ለዓሣም የምትሆን ጀልባ እንዴት ትመረጣለች?

አማቴ የመጀመሪያ ጀልባዬን ያዩዋት ሜሪላንድ ውስጥ አናፖሊስ ከተማ አጠገብ፣ ዶክ ላይ ቆመው ነው። ዶክ የምንለው ጀልባ የሚታሰርበትን የእንጨት መተላለፊያ ነው። የጀልባዋ ጠርዝ ከዶኩ ከጉልበት በላይ ከፍ ይላል፣ የሚያዝ ነገር የለውም፣ ጀልባዋም ትወዛወዛለች። ጠርዙን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ነጠላቸውን ሰበሰቡና «እኔ ፍየል አይደለሁም» ብለው ወደ መኪናው ተመለሱ። ባለቤቴ እናቷን ብቻቸውን መተው ስላልፈለገች ተከተለቻቸው። ትንሿ ልጄም እናቷን ተከተለች። እኔና ወንዱ ልጄ ሁለታችን ወጣን፤ እሱም እኩለ ቀን ላይ ጥላ የለም ብሎ ማልቀስ ጀመረ።

ጀልባዋ መጥፎ ሆና አልነበረም። ለዓሣ ብቻ የተሠራች፣ ፈጣን፣ አጥማጅ ሲያያት የሚጎመጅባት ዓይነት ነበረች። ግን በሁለት ሰመር ውስጥ ቤተሰቡ በሙሉ የወጣባት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በሦስተኛው ዓመት ሸጥኳት።

አሁን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ወዳጆቼ «ቤተሰብ ይዤ ዓሣ የማጠምድባት ጀልባ ልገዛ ነው፣ የቷን ልግዛ?» ሲሉኝ መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ ከቤታችሁ ሰው ውኃ ላይ መውጣት የማይፈልገው ማን ነው? ጀልባዋን ለእሱ ግዙ። ዓሣው መንጠቆው ከየት እንደመጣለት አይጠይቅም። ቤተሰቡ ካልወጣ ግን ጀልባዋ ማሪና ላይ፣ ማለትም የጀልባ ማቆሚያው ላይ፣ ታስራ ኪራይ ስትበላ ትከርማለች።

መጀመሪያ ውኃው

እኛ የምንወጣው ቼሳፒክ ቤይ ላይ ነው። ከሰሜን እስከ ደቡብ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የወንዝና የባሕር ውኃ ከሚደባለቅባቸው የአሜሪካ ሰላጤዎች ትልቁ ነው። ለዓይን ባሕር ይመስላል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 21 ጫማ ነው፣ ስድስት ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ቁመቱ 6 ጫማ የሆነ ሰው ባርኔጣው ሳይርስ በእግሩ ሊሄድበት የሚችለው ክፍል ብቻ ከ700,000 ኤከር ይበልጣል።

ይህ ለጀልባ ገዢ ትርጉም አለው። ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ ነፋስ ሲነሳ፣ ማዕበሉ እንደ ውቅያኖስ ረዥምና ዝግ ያለ አይሆንም። አጭር፣ ቀጥ ያለና እርስ በርሱ የተጠጋጋ ይሆናል። አንዱን ወጥታችሁ ሳትወርዱ ሌላው ይመጣል። ኮረኮንች መንገድ ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሄደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። በተለይ ነፋሱ ከደቡብ እየመጣ ውኃው ወደ ደቡብ በሚጎድልበት ሰዓት ሁለቱ ፊት ለፊት ይጋጫሉና፣ ጠዋት እንደ መስተዋት የነበረው ውኃ ከሰዓት በኋላ ወገብ ይሰብራል። በሰመር ደግሞ ከሰዓት ላይ መብረቅና ነጎድጓድ ድንገት ይመጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የጀልባዋ ሆድ ነው። ከኋላ ሆናችሁ ስትመለከቷት ሆዷ እንደ «V» ፊደል ይሾላል ወይስ ጠፍጣፋ ነው? ሻጮች «ዴድራይዝ» የሚሉት የዚህን ሹልነት መጠን ነው፤ በዲግሪ ይለካል። ወደ 20 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ማዕበሉን እየሰነጠቀች ትሄዳለች፤ ነገር ግን ስትቆም ወደ ጎን መወዛወዝ ታበዛለች፣ ነዳጅም ትወዳለች። 12 እና 14 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ቆማ ስታጠምዱ የተረጋጋች ናት፣ ማዕበል ውስጥ ስትሮጥ ግን ትደበድባለች። ሁለቱንም የምታሟላ የለችም። እኔ መሀሉን፣ ከ18 እስከ 20 ያለውን እመርጣለሁ። አማቴ ፊታቸው ሲጠቁር ፍጥነት መቀነስ እችላለሁ፤ ቆማ የምትወዛወዝ ጀልባ ላይ ሆዱ ለተገለበጠ ሰው ግን የማደርግለት ነገር የለም።

ርዝመት ከተነሳ፣ ለአምስት ስድስት ሰው ከ22 ጫማ በታች እዚህ ውኃ ላይ አልመክርም። ከ26 ጫማ በላይ ደግሞ ለጀማሪ ሸክም ነው። ስፋቷ ከ8 ጫማ ከ6 ኢንች ካለፈ ያለ ልዩ ፈቃድ በመኪና መጎተት አይቻልም፤ ይህን ከግዢ በኋላ የተረዱ ሰዎች አውቃለሁ።

የትኛዋ ዓይነት?

ያቺ የሸጥኳት ጀልባ ሴንተር ኮንሶል ትባላለች። መሪው መሀል ላይ ነው፣ ዙሪያዋ ክፍት ነው። ትልቅ ዓሣ የያዘ ሰው ዓሣው በሄደበት እየተከተለ ይዞራል። ለማጥመድ ከእሷ የሚበልጥ የለም። ጥላ ግን የለም፣ ሕፃን የሚተኛበት የለም፣ መጸዳጃ ቢኖራትም ቁም ሳጥን ውስጥ እንደመግባት ነው።

በሌላው ጫፍ ቤተሰብ የሚወዳት ኤክስፕረስ ክሩዘር አለች። ከፊት ካቢን፣ ካቢኑ ውስጥ አልጋ፣ ትንሽ ምድጃ፣ በር ያለው መጸዳጃ፤ ከኋላ ሶፋ። ያገለገለች ሆና በጣም ርካሽ የምትገኘውም እሷ ናት፤ ርካሽ የሆነችበት ምክንያት ግን አለ። ሞተሯ ብዙ ጊዜ ከወለሉ ሥር ነው፤ ለጥገና ሰው እንደ ማንኪያ መታጠፍ አለበት፤ የቤንዚን ሽታ ወለሉ ሥር ሊጠራቀም ስለሚችልም ከማስነሳት በፊት የአየር ማውጫውን ቢያንስ ለ4 ደቂቃ ማሠራት ግዴታ ነው። ለዓሣ ስትሆን ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ወለሉ ላይ ምንጣፍ አለ፤ የዓሣ ደም አንዴ ከገባበት አይወጣም። ከኋላ ያለው የመዋኛ ሰሌዳ ክሩን ይቆርጠዋል። ሶፋው መቆሚያ ያሳጣል።

እኔ መጨረሻ ላይ የገዛኋት ዎክአራውንድ የምትባለዋን ነው፤ 24 ጫማ፣ ሞተሯ ከኋላ ውጭ የተሰቀለ። ከፊት ሁለት ሰው የሚያስተኛ ዝቅ ያለ ካቢን አላት፤ በካቢኑ በግራና በቀኝ እስከ አፍንጫዋ የሚያስኬድ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ የኋላዋ ግማሽ ክፍት ወለል ነው። ሴንተር ኮንሶልን ያህል አታጠምድም፣ ክሩዘርን ያህልም አታስተኛም። ሆኖም ልጅ ይተኛባታል፣ ሴት አያት ጥላ ሥር ትቀመጥባታለች፣ ሁለት ሰው ደግሞ ከኋላ ቆሞ ያጠምድባታል። ብርድ ለማይወድና በመጸው ወራትም መውጣት ለሚፈልግ ቤተሰብ ፓይለትሃውስ፣ ማለትም መሪው በመስኮት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለባት፣ ከዚህም ትሻላለች፤ ዋጋዋ ነው የሚያስመልሰው።

ክሩዘር ያላችሁ ሰዎች ግን ሽጡ እያልኩ አይደለም። ምንጣፉን አንሱ፤ ከሥሩ የሚታጠብ ወለል ይወጣል። የኋላ ሶፋው በብሎን የታሰረ ከሆነ ለዓሣ ቀን ፍቱትና ጋራዥ አስቀምጡት፤ በቦታው ትልቅ የበረዶ ሳጥን ይቀመጣል፣ ክዳኑም ወንበር ይሆናል። ጠርዙን መብሳት ካስፈራችሁ የጠርዙ ብረት መደገፊያ ላይ የሚቆነጠጥ የማጥመጃ ዘንግ ማቆሚያ አለ። በዚህ ብቻ አንድ ክሩዘር ግማሽ መንገድ ይሄዳል።

ወደ ዶኩ ልመለስ። አንዲት ጀልባ ለማየት ስትሄዱ ቤተሰቡን ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ በአንድም ገብተው ይውጡ። እግራቸው የት እንደሚያርፍና እጃቸው ምን እንደሚይዝ ተመልከቱ። የውስጥ ጠርዟ አዋቂን ጭኑ ላይ፣ ልጅን ከወገቡ በላይ መድረስ አለበት። ከዚያ ካነሰ፣ ዓሣ ለማየት ያጎነበሰ ልጅ በራሱ ክብደት ይወድቃል። ከጎን ወይም ከኋላ የሚከፈት በር ያላት ካገኛችሁ ሌላ ጉድለቷን ይቅር በሏት።

መዶሻዋን ይዞ የመጣው ሰው

ያገለገለች ጀልባ ስትገዙ የጀልባ መርማሪ ቅጠሩ። እዚህ «ሰርቬየር» ይሏቸዋል። እኔ ከአሁኗ በፊት ልገዛት የነበረችውን አንዲት ጀልባ ያየልኝ ሰውዬ ይዞት የመጣው ትልቁ መሣሪያ ራሷ ፕላስቲክ የሆነች ትንሽ መዶሻ ናት። ጀልባዋን ከአፍንጫዋ ጀምሮ እንደ ሐኪም ኳ ኳ እያደረገ ዞራት። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ኋላ፣ ሞተሩ የሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ፤ የበሰበሰ ዱባ እንደመምታት ሆነ። ተመልሶ መታ። ዱባ። ቀና ብሎ አየኝና መዶሻውን ኪሱ ከተተ። ሻጩ ስለ አዲሱ ሬዲዮ ማውራቱን ቀጥሎ ነበር።

የሆነው ይህ ነው። ብዙ ጀልባ ከላይ ፋይበርግላስ ሆኖ መሀሉ ላይ ኮምፔንሳቶ አለበት። አንድ ሰው ብሎን ሲያስገባ ቀዳዳውን በደንብ ካልደፈነው ውኃ ይገባል፣ እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል፣ ከላይ ግን ቀለሙ ያምራል። ከሁለት መቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር የሚንጠለጠለው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ጥገናው ከጀልባዋ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የመርማሪው ክፍያ ቆጭቶኝ አያውቅም።

ሞተሩን መካኒክ ይየው፤ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት ተቀራራቢ መሆን አለበት። ውኃ ላይ አውጥታችሁ ሳትሞክሩ ገንዘብ አትስጡ። ሻጩ እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት ሞተሩን አስነስቶ ካሞቀው ደግሞ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀዝቃዛ ሞተር ነው እውነቱን የሚናገረው።

ካላችሁ ገንዘብ አንድ አምስተኛውን ለዕቃ አስቀሩ። ሜሪላንድ ስትመዘግቧትም 5 በመቶ ግብር አለ።

ማሪና ወይስ ተሳቢ የሚለውን ብዙ አላወራም። ጉልበት ያለው መኪናና የሚያቆሙበት ቦታ ካለ ተሳቢ ይሻላል፤ ሰላጤውን የሚያቋርጠው ድልድይ፣ ቤይ ብሪጅ፣ ሥር ካለው ሳንዲ ፖይንት መናፈሻ በቀላሉ ይወርዳል። አፓርታማ የሚኖር ሰው ምርጫ የለውም፣ ማሪና ነው።

ዕቃ ስትገዙ ቅደም ተከተል አለው

ጀማሪ ሁሉ ከዘንግ ይጀምራል። እኔም ከዘንግ ነው የጀመርኩት። ትክክለኛው ግን በሕይወት የሚመልሰውን መጀመሪያ መግዛት ነው፤ ዓሣው ኋላ ይደርሳል።

ሕጉ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ በልኩ የሚሆን ላይፍ ጃኬት ይጠይቃል፤ 16 ጫማና ከዚያ በላይ ለሆነች ጀልባ በተጨማሪ የሚወረወር ተንሳፋፊ ያስፈልጋል። ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ጀልባዋ እየሄደች ከሆነና ካቢን ውስጥ ካልሆኑ፣ ለብሰውት መቀመጥ አለባቸው። በልኩ ማለት በልኩ ማለት ነው፦ የልጁን ጃኬት ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ስቡት፤ ጆሮው ላይ ከደረሰ ውኃ ውስጥ ያመልጠዋል። አዋቂዎች «ይሞቃል» ብለው ያወልቁታል፤ ለእነሱ አንገት ላይ እንደ ማንጠልጠያ የሚጠለቀውንና ውኃ ሲነካው የሚነፋውን ግዙላቸው። እኔ ቤት ክርክሩ ያበቃው በዚህ ነው።

የእሳት ማጥፊያ፣ የድምፅ መስጫና የአደጋ ምልክት ርችት አስፈላጊ ናቸው፤ ርችቱ ከተሠራ በ42 ወር ጊዜው ያልፋል፣ ስለዚህ ቀኑን አንብቡ። ከ26 ጫማ በታች በሆኑ ጀልባዎች ላይ ነጂው ከወደቀ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ ማሰር ከሚያዝያ 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ከሐምሌ 1 ቀን 1972 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተወለደ ሰው ጀልባ ለመንዳት የደህንነት ኮርስ ምስክር ወረቀት መያዝ አለበት። ኮርሱን ባለቤቴም እንድትወስድ አድርጌያለሁ። ነጂው እኔ ብቻ ከሆንኩና ልቤን ቢያመኝ፣ አምስት ሰው መሀል ውኃ ላይ ያለ ሹፌር ቀረ ማለት ነው።

ሬዲዮ። «ስልክ አለኝ» አትበሉ። ስልክ አንድ ሰው ዘንድ ብቻ ይደውላል፤ ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ቻናል 16 ላይ ስትናገሩ ኮስት ጋርድም፣ ማለትም የባሕር ጠረፍ ጠባቂውም፣ ይሰማል፣ ሁለት ማይል ርቆ የሚያጠምደውም ይሰማል። በእጅ የሚያዘው 5 ወይም 6 ዋት ነው፤ ተተክሎ የሚሠራው 25። ለርቀት ግን ከዋቱም በላይ የአንቴናው ከፍታ ይወስናል፤ ድምፁ የሚሄደው ዓይን በሚያይበት መስመር ነውና። ለእኛ ሌላም ጥቅም አለው፦ የአየር ሁኔታውን ሌት ተቀን የሚያነብ ቻናል አለው።

ካቢን ላላት ጀልባ አንድ ነገር ከሁሉ በላይ አጥብቄ እናገራለሁ። አገር ቤት ከሰል አጭሶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ የተኛ ሰው ሲነጋ ሞቶ የተገኘበትን ወሬ ያልሰማ የለም። ያው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ከጀልባ ሞተርም ይወጣል። ሽታ የለውም። ጀልባዋ ስትሄድ ከኋላዋ አየሩ ስለሚሳሳ ጭሱ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ሸራው ሁሉ ዙሪያውን ከተዘጋ ደግሞ እዚያው ይታፈናል። ካቢን ውስጥ የተኛ ሕፃን «ባሕር አናውጦት» የሚያስታውከው በእርግጥ ባሕሩ ላይሆን ይችላል። ለጀልባ የተሠራ ጠቋሚ ካቢኑ ውስጥ ስቀሉ፣ የፊተኛውን መስኮትም ክፈቱ።

ባትሪ ሁለት ይሁን፣ አንዱ ሞተር ለማስነሳት ብቻ። ሙዚቃው፣ መብራቱ፣ የዓሣ መፈለጊያው ሁሉ ከሌላው ይመገብ። ቀኑን ሙሉ ሞተር አጥፍቶ ማጥመድ ካለ በኋላ «ቲክ» ብሎ ዝም የሚል ቁልፍ የሚያመጣው ድንጋጤ ቀላል አይደለም።

መልሕቅም የሚናቅ አይደለም። እዚህ ሥሩ ጭቃና አሸዋ ስለሆነ ሁለት ሰፊ ክንፍ ያለው፣ ዳንፎርዝ የሚባለው ዓይነት ይይዛል። ስህተቱ ያለው ገመዱ ላይ ነው። ሰዎች 20 ጫማ ውኃ ላይ 30 ጫማ ገመድ ይለቁና «አልያዘም» ይላሉ። መልሕቅ የሚይዘው ወደ ጎን ሲጎተት እንጂ ወደ ላይ ሲሳብ አይደለም። ሒሳቡ ይኸው፦ ውኃው 20፣ ከውኃው እስከ አፍንጫዋ 3፣ ድምሩ 23፤ በ7 ሲባዛ 161 ጫማ። ነፋስ ከሌለ በ5 ብታባዙም ይሆናል። ጫፉ ላይ ሰንሰለት ይኑረው። ደግሞም በምንም ምክንያት ገመዱን ከኋላ አትሰሩ። የጀልባ ኋላ ዝቅ ያለና ሞተር የተሸከመ ነው፤ ማዕበል ከዚያ ከመጣ በደቂቃ ይሞላታል።

የማይታየውን ማየት

ከዚህ በኋላ ነው የዓሣው ዕቃ። መጀመሪያ ገንዘብ የሚወጣበት ፊሽፋይንደር ይሁን፣ ለዘንግ አትጨነቁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከጀልባዋ ሥር የተሰቀለች ትንሽ ዕቃ ድምፅ ወደ ታች ትልካለች፤ ድምፁ ሥሩን ወይም ዓሣ ነክቶ ሲመለስ የፈጀውን ጊዜ ወደ ጥልቀት ትለውጠዋለች። ዓሣው በደንብ የሚታየው በሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ድምፁን ስለሚመልሰው ነው። ድምፁ ሲወርድ እንደ እጅ ባትሪ ብርሃን እየሰፋ ይሄዳል። በ200 ኪሎኸርዝ፣ የተለመደው 20 ዲግሪ ስፋት ካለው፣ 20 ጫማ ጥልቀት ላይ የምታዩት 7 ጫማ ገደማ ስፋት ያለው ክብ ብቻ ነው። ስለዚህ «እዚህ ዓሣ የለም» የሚለው ሰው እውነቱ «ከሥሬ ባለችው ሰባት ጫማ ውስጥ የለም» ነው። ለዚህ ውኃ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከታች ያለችው ዕቃ አረፋ በሌለበት፣ ከሞተሩ ክንፍ ራቅ ብላ መሰቀሏ ነው። ጀልባዋ ስትሮጥ ስክሪኑ የሚንጫጫ ከሆነ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ቦታዋን አዛውሩ።

ለምን ይህን ያህል አጥብቄ አወራለሁ? የቼሳፒክን የሰመር ምስጢር የሚያሳየው እሱ ስለሆነ ነው። ከእርሻውና ከከተማው የሚታጠበው ማዳበሪያ ውኃው ውስጥ አልጌ ያበዛል። አልጌው ሲሞት ወደ ታች ይሰምጣል፣ ሲበሰብስም ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ከላይ ያለው ሞቃትና ጨው ያነሰው ውኃ እንደ ክዳን ስለሚሆን፣ ከታች ያለው አዲስ አየር አያገኝም። በሐምሌና በነሐሴ ጥልቁ ክፍል ለዓሣ መተንፈሻ የሌለው ቤት ይሆናል። ጀማሪው ግን «ሙቀት ሲሆን ዓሣ ወደ ጥልቅ ይወርዳል» ብሎ ሰምቷልና 60 ጫማ ላይ መንጠቆውን ጥሎ ቀኑን ይውላል። ስክሪኑን ቢያይ ከ25 ጫማ በታች ባዶ፣ ዓሣው ሁሉ ከዚያ በላይ ተንጠልጥሎ ያገኘው ነበር።

ዘንግ ለቤተሰብ መካከለኛ ክብደት ያለው፣ 7 ጫማ ገደማ፣ አራት ይበቃል። የዘንግ ማቆሚያ ግን ከዘንጉ ቁጥር በላይ ይሁን፤ ወለል ላይ የተጋደመ ዘንግ ወይ ይረገጣል ወይ ሕፃን ይወጋል። ሦስት ጫፍ ያለውን መንጠቆ ልጆች ባሉበት አላወጣም። ረዥም እጀታ ያለውና ላስቲክ የተነከረ መረብ ግዙ፤ መንጠቆ አይጠመድበትም፣ የሚለቀቀውንም ዓሣ ቅርፊት አይልጥም።

ምን ይጠመዳል?

የሜሪላንድ ሰው «ሮክፊሽ» የሚለው ጎኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ያሉት ዓሣ የግዛቱ ዓሣ ነው፤ ሁሉም የሚመኘው እሱን ነው። ቁጥሩ ስለቀነሰ ሕጉ ጠብቋል፦ በ2024 እና በ2025 (እ.ኤ.አ.) ለአንድ ሰው በቀን አንድ፣ ርዝመቱም ከ19 እስከ 24 ኢንች። የሚዘጋባቸው ሳምንታት አሉ፤ ደንቡም በየዓመቱ ስለሚቀያየር ከመውጣት በፊት የግዛቱን የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ደንብ ማየት ነው። በምግብ ሲጠመድ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈው ክብ መንጠቆ ግዴታ ነው፤ ዓሣው ሆዱ ውስጥ ሳይሆን ከንፈሩ ጥግ ላይ ስለሚያዝ ቢለቀቅ ይተርፋል። ቦታው የቤይ ብሪጅ ምሰሶዎች ዙሪያ ነው። እዚያ ግን ወደ ባልቲሞር የሚሄዱ ትልልቅ መርከቦች ያልፋሉ፤ ከሩቅ የቆሙ ይመስላሉ፣ አልቆሙም።

ለቤተሰብ ግን ሮክፊሽን አልመክርም። ልጅ በሰዓት አንድ ጊዜ በሚነካ ዓሣ አይያዝም። ኋይት ፐርች የምትባለው፣ ከእጅ መዳፍ ትንሽ የምትበልጥ ዓሣ ትሻላለች። የክሩ ጫፍ ላይ የእርሳስ ብረት ክብደት፣ ከላዩ ሁለት ትንንሽ መንጠቆ፣ መንጠቆው ላይ የጣት ጥፍር የምታህል የትል ቁራጭ። 15 ጫማ ላይ የኦይስተር ዛጎል ያለበት ሥር ፈልጋችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱ። «ኩክ ኩክ» ስትል ልጁ ይጮኻል፤ አንዳንዴ ሁለቱም መንጠቆ ላይ ይወጣል።

ከዚህ ሌላ ብሉ ካትፊሽ አለ፣ የእኛ አምባዛ ዘመድ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቨርጂኒያ ወንዞች ውስጥ ለስፖርት ተብሎ ተለቀቀ፤ አሁን ሌላውን እየበላ ሰላጤውን ወሮታል፤ ሜሪላንድ የቁጥርም የመጠንም ገደብ አላደረገበትም፣ ብሉት ይላል። ነጭ ሥጋው ጥሩ ነው። አማቴ ግን ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ሲገዙ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ቆሮሶ ሌላ፣ አምባዛ ሌላ። ክንፍና ቅርፊት የሌለው እሳቸው ድስት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የያዝነውን አምባዛ ለጎረቤቴ እሰጣለሁ፤ እሱም በለውጡ ሣሬን ያጭድልኛል።

ፈቃድን በተመለከተ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለጀልባዋ የሚወጣው የማጥመጃ ፈቃድ ተሳፋሪውን ይሸፍናል፤ እንግዳ ለሚያበዛ ሐበሻ ይህ ይሻላል። ከ16 ዓመት በታች ያሉ አያስፈልጋቸውም። ከየትኛው ወንዝ የወጣ ዓሣ በወር ስንት ጊዜ ቢበላ ደህና እንደሆነ የግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሰንጠረዥ ያወጣል፤ እርጉዝና ሕፃን ያለበት ቤት አይቶ ይብላ።

በረዶ ከምታስቡት በላይ ያዙ። ዓሣው እንደወጣ ጉሮሮውን ቆርጣችሁ ደሙን አፍስሱ፣ ከዚያ በረዶና የሰላጤው ውኃ የተቀላቀለበት ሳጥን ውስጥ ክተቱት። ውኃ በሌለው በረዶ ላይ ከተጋደመው ይልቅ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ማታ ቤት ስንገባ ፐርቿን የሚረከቡት አማቴ ናቸው። ቅርፊቷን ልጠው፣ ጎንና ጎኗን በቢላ ሰንጥቀው፣ ስንጥቁ ውስጥ ጨውና ሚጥሚጣ እየከተቱ በዘይት ይጠብሷታል፤ ልክ እንደ ሐይቁ ዳር። አጥንቷ ላይ ያለው ሥጋ ጥርት ያለ ድምፅ እስኪሰጥ አያወጧትም። እኔ በዚያ ሰዓት ውጭ ነኝ፤ ሞተሩን በንጹሕ ውኃ አጥባለሁ፣ ጨው ከውስጡ ካልወጣ ይበላዋልና።

ኅዳር ላይ ከውኃ አውጥቻት ቧንቧዎቿ እንዳይፈነዱ ሮዝ ፀረ በረዶ ፈሳሽ አስገብቼ ሸራ አልብሻታለሁ። ለመጪው ሰመር የያዝኩት ዝርዝር ላይ አዲስ ራዳር ነበር። አማቴ ባለፈው እሑድ ሌላ ነገር አዘዙኝ፦ ከመጸዳጃው በር በስተቀኝ፣ ከወገባቸው ከፍ ብሎ፣ አንድ እጀታ። ራዳሩን ሰርዣለሁ።